የጎራዴ ዝገት ጽሑፉን ሳይጎዳ እንዴት ይነሳ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። የአያቴ ጎራዴ እኔ ጋ ደርሷል፤ ሰገባው ውስጥ እንደተከተተ ስለኖረ ክፉኛ ዝጓል። መሃሉ ላይ ያለው ቀላ ያለ ብናኝ ነው፣ ላምባ በነካ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ጫፉ ግን ጠቁሮ ተቦርቡሯል፤ በጥፍር ብትፍቁት ንቅንቅ አይልም።

የጨነቀኝ እጀታው አጠገብ ያለው አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ድሮ ከጀርመን፣ ከዞሊንገን የሚመጡት ላይ እንዲህ ያለው ምስል በአሲድ ስስ ተደርጎ የወጣ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት ካገኘው አለቀለት። ብየዳ ቤት ባሳየው «በግራይንደር አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አሉኝ፤ ጎራዴዬን ታቅፌ ወጣሁ። ኮምጣጤና ሎሚም ተመክሬያለሁ፣ ግን አሲድ ደህናውን ብረትም ያደበዝዛል።

እባካችሁ፣ ፊደሎቹ መሃል የገባውን ዝገት በምን አወጣችሁት? ጥቁሩንስ ልተወው? ከጸዳ በኋላ የስፌት መኪና ዘይት ቀብቼ ለብቻው ላስቀምጠው ወይስ ወደ ሰገባው ልመልሰው? ቆዳው እርጥበት ይይዛል ብዬ ነው። ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ የድሮ መሣሪያ በእጁ የሚያጸዳ ባለሙያ ካለም ጠቁሙኝ።