ለጃዝ ሶሎ ከየትኛው ስኬል ልጀምር?

ጠያቂ (ከሐዋሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ቅኝቶቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ። አሁን ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ጃዝ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ልምምድ ጀምሬያለሁ። «ሬ ማይነር ሴቨን፣ ሶል ሴቨን፣ ዶ ሜጀር ሴቨን» በሚሉት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ላይ ሶሎ፣ ማለትም ብቻዬን የምፈጥርበትን ተራ፣ ሲሰጡኝ ዶሪያን፣ ሚክሶሊዲያን እያልኩ የስኬሎቹን (የድምፅ ቅደም ተከተሎቹን) ስም አስባለሁ። የሚወጣው ግን መሰላል መውጣትና መውረድ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥቁርና ነጭ፦ ስሞቹ አያስጨንቁህ። ሬ ዶሪያን፣ ሶል ሚክሶሊዲያንና ዶ ሜጀር ሦስቱም ያው ነጮቹ ቁልፎች ናቸው። ልዩነቱ የምታርፍበት ድምፅ ላይ ነው። በየኮርዱ ከመነሻው ድምፅ ስትቆጥር 3ኛውንና 7ኛውን ያዝ። ሬ ማይነር ላይ ፋና ዶ ናቸው። ሶል ሴቨን ሲመጣ ዶ ወደ ሲ ትወርዳለች፤ ፋ ባለችበት ትቆያለች። ዶ ሜጀር ላይ ደግሞ ፋ ወደ ሚ ትወርዳለች፤ ሲ አትነቃነቅም። እነዚህን ብቻ በግራ እጅህ ቀስ ብለህ ደጋግማቸው። ጆሮህ ሲለምዳቸው ቀኝ እጅህ ማረፊያውን ያገኛል።

ሳክስ ከአዳማ፦ ቅኝት ካወቅህማ ግማሹን መንገድ ሄደሃል! ሬ ማይነር ላይ ባቲ ማይነርን ከሬ ጀምር፦ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። በሶልና በላ መካከል ያለችውን ጥቁር ቁልፍ ጨምርበት፤ የብሉዝ ስኬል ሆነልህ ማለት ነው። ዶ ሜጀር ላይ ወደ ትዝታ ሜጀር ዙር። ፋ ስለሌለበት ከሚ ጋር አይጋጭብህም። ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን የሠራው ባለ 5 ድምፁን ቅኝት ከጃዝ ኮርድ ጋር አዋህዶ ነው።

አስተማሪዋ፦ ባቲው ጥሩ ሐሳብ ነው። እዚያ ብቻ ከቀረህ ግን ጃዝ ጃዝ አይልም። እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለህ ስኬል ሳይሆን ሪትም ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርግና ምቱን 2ኛና 4ኛ ብለህ ቁጠረው። ከዚያ አጭር ሐረግ በአፍህ ዝፈን፤ ቀጥለህ እሱኑ ተጫወት። ትንፋሽህ ሲያልቅ እጅህም ይቁም። ሳክስ የሚነፋ ሰው ለመተንፈስ ሲል ያርፋል፤ እኛ ፒያኖ ላይ ያለነው ግን የሚያስቆመን የለም። መብራት ቢጠፋም ዝፈን፤ ይህኛው ልምምድ ኪቦርድ አይፈልግም።

ጠያቂ፦ ቲቸር፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዶ ቀጥሎስ ወደ የትኛው ኪ (መነሻ ድምፅ) ልሂድ?

ጥቁርና ነጭ፦ ወደ ፋ። ሶል ማይነር ሴቨን፣ ዶ ሴቨን፣ ፋ ሜጀር ሴቨን። የምትቀየረው ሲ ብቻ ናት፤ ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች። ልጆቹ የሚጫወቷቸው ዘፈኖች በሌላ ኪ ከሆኑ ግን የእነሱን አስቀድም።