ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፉት መቼ ነው?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ2013 ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ሳንስማማ ተለያየን። እርግጡን የምታውቁ ብታስረዱን፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

መላሽ (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ በ2013 አላሸነፍንም። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ተመልሰን ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ብንለያይም፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸንፈናል። የመጨረሻው ድላችን በ1976 አዲስ አበባ ላይ ኡጋንዳን 2 ለ 0 የረታንበት ነው። በ1982ም ሆነ በ2022 መጀመሪያ ካሜሩን ላይ ያገኘነው አንድ አንድ አቻ ብቻ ነው፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል።

ሌላ መላሽ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ የተባለው ትክክል ነው። ሆኖም የ1962ቱን ዋንጫ አራት ቡድኖች ብቻ ስለተወዳደሩ የሚያቃልሉ ሰዎች አሉና በዚህ አልስማማም። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፍን በኋላ፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብጽን ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነሥተን፣ በተጨማሪ ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎና በመንግሥቱ ወርቁ ጎሎች 4 ለ 2 ረትተናል። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ1976ቱን ጨዋታ ከመካከላችን ማንም አላነሣውም ነበር፤ ዛሬ ማታ ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ።