ጣርማበር ላይ የተጻፈብኝን ቅጣት ልክፈል ወይስ ልቃወም?

የጣርማበር ተጓዥ
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሚኒባስ እየነዳሁ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቼ በጉም ውስጥ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጎማ ፈንድቶበት ቀኝ መሥመሩን ዘግቶ ቆሞ ነበር። ረዳቴን አውርጄ ከታች የሚመጣ መኪና አለመኖሩን ካረጋገጠልኝ በኋላ በግራ በኩል ቀስ ብዬ አለፍሁት። ከኩርባው በታች የነበረው የትራፊክ ፖሊስ ግን «ኩርባ ላይ መቅደም» ብሎ ቅጣት ጻፈብኝ፤ መንጃ ፈቃዴንም ያዘ። ወረቀቱን በኋላ ስመለከተው ከታርጋዬ አንድ ቁጥር ተሳስቷል። ገንዘቡን ከፍዬ ወደ ሥራዬ ብመለስ እወድ ነበር፤ ሆኖም ባልፈጸምሁት ጥፋት ሪከርድ እንዲያዝብኝ አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ አይሱዙ፣ ደብረ ሲና
ወንድሜ፣ ክፈልና ሥራህን ቀጥል። መንጃ ፈቃድ ተይዞ ሥራ በመፍታት የሚታጣው ገቢ ከቅጣቱ ሊበልጥ ይችላል፤ መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ እስኪፈረድልህ አይጠብቅህም። «ለሻይ ስጥና ወረቀቱን አስቀድደው» የሚልህ ሰው ካለ ግን አትስማው፤ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ይጠየቃል።

ነገረ ፈጅ ዘደብረ ብርሃን
በመክፈሉ አልስማማም። በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ መሠረት ቅጣት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በጥፋቱ ልክ የሪከርድ ነጥብ ይያዛል፤ ነጥቡም ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድን እስከማሳገድ ይደርሳል። ቅጣቱን መክፈል ጥፋቱን እንደማመን ስለሚቆጠር፣ እንደ እርስዎ በመንጃ ፈቃዱ ለሚኖር ሰው ዛሬ የሚከፍለው ብር ከነጥቡ ያነሰ ጉዳይ ነው።

የታርጋው ስሕተት ዋና መከራከሪያዎ እንዲሆን አልመክርም፤ የጽሑፍ ግድፈት ነው ተብሎ ሊታረም ይችላልና። የእርስዎ ጠንካራ ነጥብ በጉዞ ላይ ያለን መኪና አለመቅደምዎ፣ መሥመሩን የዘጋ የተበላሸ መኪና ማለፍዎ ነው። ይህንንም ሲያስረዱ ጉሙን እንደ ማመካኛ አያቅርቡት፤ ጉም ባለበት ኩርባ ወደ ግራ መውጣት አደገኛ ስለሆነ ይልቁን ይጎዳዎታል። ረዳትዎን አውርደው መንገዱን ማረጋገጥዎን፣ ፍጥነትዎን መቀነስዎንና ሌላ ማለፊያ አለመኖሩን በቅደም ተከተል ይጻፉ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በወረቀቱ ላይ ለተመለከተው መሥሪያ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂም ቀንና ማኅተም ይደረግበት። የመክፈያው ጊዜ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ካለፈ ተጨማሪ ቅጣት ይመጣል። አቤቱታዎ ውድቅ ቢደረግ እንኳ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ጉዳይዎን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጥዎታል።

ሰላ ድንጋይ
የፌዴራሉ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለእንዲህ ያለው አቤቱታ አይረዳም?

ነገረ ፈጅ ዘደብረ ብርሃን
አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው፤ ጣርማበር ላይ የቀጣው ግን የክልል ፖሊስ ነው። በዚህ አጋጣሚ በዚህ መንገድ ለምትመላለሱ ሁሉ ላስታውስ፦ ሸኖ ወይም አለልቱ ላይ የተጻፈ ቅጣት የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ጉዳይ ስለሆነ አቤቱታው ደብረ ብርሃን አይታይም። ከማመልከታችሁ በፊት የቀጣውን መሥሪያ ቤት ስምና ማኅተም ከወረቀቱ ላይ አንብቡ።

የጣርማበር ተጓዥ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሬ አቤቱታ ለማቅረብ ወስኛለሁ። የኤፍኤስአሩ ሾፌር ስልኩን ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን ኮምቦልቻ ስለሚኖር በአካል ለመምጣት ይቸገራል። ጽፎ ፈርሞ ቢልክልኝ ይበቃል?

ነገረ ፈጅ ዘደብረ ብርሃን
ለመጀመሪያው አቤቱታ ይጠቅማል፤ አያይዙት። ጎማው ሲቀየር የተነሣ ፎቶ ካለውም ከነሰዓቱ ይላክልዎ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ምስክር ቀርቦ በመሐላ የሚሰጠው ቃል ስለሚበልጥ፣ ዋና ምስክርዎ ረዳትዎና ፈቃደኛ የሆነ አንድ ተሳፋሪ ይሁኑ። ተሳፋሪውን ሳይርቅ ዛሬውኑ ይፈልጉት።