የእማዬ ሩማቶይድ ፋክተር ፖዘቲቭ ወጣ፣ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የእማዬ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ከላብራቶሪ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። የእማዬ ውጤት ወጣ። ሩማቶይድ ፋክተር ፖዘቲቭ፣ ኤኤንኤ ፖዘቲቭ 1:80፣ ኤኤስኦ ኔጌቲቭ ይላል። የሐኪሟ ቀጠሮ ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የሰፈር ፋርማሲ ያለው ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገና «ሪህ ነው፣ ሉፐስም አለባት፣ ዴክሳ የሚባል መርፌ ልውጋትና ይለቃታል» አለኝ። ላስወጋት ወይስ ይቅር? ፋርማሲው 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ፌጦ አይከዳም፦ አይዞሽ እህቴ። ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ደቁሰሽ በማር ስጫት፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። የኔ አክስት በሦስተኛው ቀን ምጣድ ጥዳለች።

የቄራ ልጅ፦ ሪህ የሀብታም በሽታ ነው ሲባል ነው የምሰማው። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቁርጥ ቤቱን ጠቁሙን 😂

ማይክሮስኮፑ፦ እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀኑ እፈርማለሁ። እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። አንቲቦዲ ሰውነት ተህዋስያንን የሚመታበት መሣሪያ ነው። አንዳንዴ ዞሮ የገዛ አካሉን ይመታል፣ ያን ጊዜ ኦቶአንቲቦዲ ይባላል። ሩማቶይድ ፋክተር ደግሞ የባሰበት ነው፣ አንቲቦዲን የሚይዝ አንቲቦዲ። መጀመሪያ ያስተዋለው ኤሪክ ቫለር የሚባል የኖርዌይ ሐኪም ነው፣ በ1940 እንደ ፈረንጆች። የታማሚ ሴረም (ደሙ ረግቶ ሲለይ የሚቀረው ፈሳሽ) የበግ ቀይ የደም ሴል ላይ ሲጨምር ሴሉ ተጓጉሎ...

የቄራ ልጅ፦ ወንድሜ ፋርማሲው ሊዘጋ ነው፣ አንተ ኖርዌይ በግ ታግዳለህ።

ማይክሮስኮፑ፦ እሺ ባጭሩ። ሩማቶይድ ፋክተር ሄፓታይተስ ሲ ወይም ቲቢ ያለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ጤነኛ ሰው ላይም እንደዚያው። ኤኤንኤ የሴልን አስኳል የሚይዝ ኦቶአንቲቦዲ ነው፤ 1:80 ማለት ሴረሙ 80 እጥፍ ቀጥኖም ምልክቱ ታየ ማለት ነው። ከ100 ጤነኛ ሰው 13 አካባቢ ላይ ይገኛል። 1:640 ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። ሉፐስ፣ ሰውነት ብዙ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ፣ በእውነት ከተጠረጠረ አንቲ ዲኤስ ዲኤንኤና አንቲ ስሚዝ የሚባሉ ምርመራዎች አሉ። በ1:80 ብቻ ሉፐስ ብሎ ለሚፈርድ ሰው እኔ እናቴን አላስወጋም።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ለእኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሪህ ስትሉ የቱን ነው? ዩሪክ አሲድ የሚያመጣውን፣ የእግር አውራ ጣት የሚያቃጥለውን ነው ወይስ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበትን ሩማቶይድን? ኤኤስኦ ደግሞ ከነጭራሹ ኦቶአንቲቦዲ አይደለም፣ ስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ ይዞ እንደነበር የሚናገር ነው፣ ልብ የሚነካው የልጆቹ የሩማቲክ ትኩሳት ሲጠረጠር ነው ወግ ያለው። እኛ አገር መገጣጠሚያዬን ላለ ሁሉ ሦስቱን አጅበው ያዙለታል። ጠያቂዋ ደግሞ የእናቷን ዕድሜ እንኳ አልጻፈችም። የት ነው የሚያማቸው? ያብጣል? ወረቀቱ ነው እንዴ የታመመው?

የእማዬ ልጅ፦ ወንድ ነኝ ለነገሩ። 61 ዓመቷ ነው። የሚያማት ሁለቱም እጇ ነው፣ ቡጢ ስትጨብጥ ብቅ የሚሉት አጥንቶች ላይ። አብጠዋል። ቀለበቷን በሳሙና ነው ያወጣነው። ጠዋት ጀበናውን በአንድ እጇ ማንሳት አቅቷት በሁለት መዳፏ አቅፋ ነው የምትቀዳው፣ እስከ ረፋድ ጣቷ አይፍታታላትም። 3 ወር አለፋት። ግልጽ ስለመሰለኝ ነው ያልጻፍኩት።

ማይክሮስኮፑ፦ አይ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ኪስህ ውስጥ ይዘህ ነው ወረቀት የምታነብልን! የ2010 የሩማቶይድ መስፈርት ከ10 ነጥብ 6 ይፈልጋል። ኦቶአንቲቦዲው ቢበዛ 3 ነው የሚያስገኘው። እስከ 5 ነጥብ ያለው የተያዙት መገጣጠሚያዎች ብዛት ላይ ነው፣ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየቱም አንድ አለው። ስለዚህ ጀበናው ከወረቀቱ ይበልጣል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለውን ሌላ የኦቶአንቲቦዲ ምርመራ አሠራላት፣ እሱ ፖዘቲቭ ሲወጣ ከሩማቶይድ ፋክተር ይልቅ ይታመናል። ብግነት መኖሩን የሚያሳዩት ሲአርፒና ኢኤስአርም ይጨመሩ።

ሰባት ዓመት አብሬው፦ ኔጌቲቭ ቢወጣም ደግሞ ነጻ ነሽ እንዳይሏት። የኔ ሁለቱም ኔጌቲቭ ነበሩ። «ብርድ ነው» ተብዬ አንድ ዓመት ከረምኩ፣ አሁን የግራ እጄ ሁለት ጣት አይዘረጋም። ዴክሳውን ተወው። እብጠቱን ያጠፋውና ሐኪሙ ጋ ስትደርስ የሚዳሰስ ነገር ይጠፋል፣ በኋላ ህመሙ እንደሆነ ይመለሳል። እጇን ጠዋት ላይ በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ካርድ ክፍል ሂድና ቀጠሮው እንዲቀርብልህ ለምን። ሜቶትሬክሴት የሚባለው የሩማቶይድ መድኃኒት ከታዘዘላት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን እንዳትረሳ። በየቀኑ የዋጠች ጎረቤት ነበረችኝ፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ እኔ በተቃራኒው ነኝ። ኤኤንኤ ፖዘቲቭ ስለተባልኩ ሦስት ዓመት ሉፐስ አለብኝ ብዬ ስንቀጠቀጥ ኖርኩ። ሲጣራ ፋይብሮማያልጂያ ነው፣ መላ ሰውነት ያማል፣ የሚያብጥ ግን የለም።

ማይክሮስኮፑ፦ እሱ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በ2021 እንግሊዝና ስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች የፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎችን አንቲቦዲ አይጥ ላይ ሲወጉ አይጦቹ ሲነኳቸው የሚያማቸው ሆኑ። ለታማሚ የሚታዘዝ የደም ምርመራ ግን ከዚያ አልወጣም።

የቄራ ልጅ፦ በግ ጨርሰህ አይጥ ጀመርክ?

ፌጦ አይከዳም፦ ወንድ ከሆንክም ፌጦው ይሠራል።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ሰውዬው የት ገባ? ግፊትና ስኳርም እንዳለባቸው ሳልጠይቀው። ዴክሳ ስኳር ይሰቅላል እኮ።

ሰባት ዓመት አብሬው፦ 2 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ፋርማሲው ዘግቷል መሰለኝ። ወይ አስወግቷታል።

ፌጦ አይከዳም፦ ማር ሊገዛ ወጥቶ ይሆናል።