ሆትሜይል «አውትሉክ» ሲባል ማስታወቂያው ሐቀኛ ነበር?

ለክርክር፦ ማይክሮሶፍት በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኢሜይል አገልግሎቱን ሆትሜይልን ወደ አውትሉክ ዶት ኮም መቀየር ጀመረ። በ2013 መጀመሪያ ደግሞ «ስክሩግልድ» («ጉግል ጉድ ሠራችሁ» እንደማለት) በሚል ዘመቻ፣ የጉግሉ ጂሜይል ማስታወቂያ ለመሸጥ ሲል ኢሜይላችሁን ያነባል፣ እኛ ግን አናደርገውም አለ። ምን ትላላችሁ?

ፒያሳ፦ አሮጌ መኪና ቀለም ቀብቶ መሸጥ ነው። በ1996 የተጀመረው፣ በ1997 መጨረሻ የገዙት ያው ሆትሜይል እኮ ነው። ስሙ ሲያረጅባቸው ቀየሩት፣ አለቀ።

አባ ኮድ፦ ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! ገጹ እንደ አዲስ ነው የተሠራው። የሆትሜይል አድራሻውን የተነጠቀም ሰው የለም። ዘመቻውም ቢሆን አልዋሸም፤ ጂሜይል ያኔ ለማስታወቂያ ብሎ የኢሜይሉን ይዘት ይቃኝ ነበር። ጉግል ይህን እንደሚተው ያስታወቀው በ2017 ነው።

ማሜ፦ «ይቃኛል» እና «ያነባል» ይለያያሉ። የሚቃኘው ማሽን ነው። ማይክሮሶፍትም ስፓምና ቫይረስ ለመለየት ያንተኑ ኢሜይል በማሽን ይቃኛል።

አባ ኮድ፦ ቫይረስ መፈለግና፣ ስለ እናቴ ሕመም ስጽፍ ጎኑ ላይ የመድኃኒት ማስታወቂያ መለጠፍ አንድ ነው?

ማሜ፦ አንድ አይደለም። ግን «ያነባል» ብሎ ሰው ማስደንገጡ አይዋጥልኝም።

ፒያሳ፦ ሰው ያነበበበትንስ ምን ልትሉት ነው? አንድ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ የዊንዶውስ 8 ምስጢር ለአንድ ፈረንሳዊ ብሎገር አሾለከ ተብሎ፣ ማይክሮሶፍት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የብሎገሩን ሆትሜይል በረበረ። ይህ የሆነው በ2012 ነው፣ «እኛ አናደርገውም» ከማለታቸው ከወራት በፊት! ጉዳዩ የወጣው በ2014 በክስ መዝገብ ነው።

አባ ኮድ፦ የአገልግሎት ውላቸው ይፈቅድ ነበር። ጩኸቱ ሲበዛም ከእንግዲህ ለሕግ አካል እንመራለን ብለዋል።

ፒያሳ፦ የባሰውስ ውሉ መፍቀዱ አይደል? ማስታወቂያው በትልቁ፣ ውሉ በደቃቁ!

እሙ፦ እናንተ ስለ ንባብ ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኔ ደግሞ «ነፃ» የሚለው ነው የሚከነክነኝ። አውትሉክም ራሱ ማስታወቂያ ነበረው። እንዳይታይህ ከፈለግህ ያኔ በዓመት 19.95 ዶላር ትከፍል ነበር። «እኛ አናነብም» እያሉ ሲፎክሩ ይህችን ለምን አብረው አልነገሩንም?

አባ ኮድ፦ እሙዬ፣ ሰርቨሩን ማን ይክፈልልሽ ታዲያ?

እሙ፦ እኔው ልክፈል፤ ግን «በነፃ» ብለህ አትጥራኝ።