አሮጌ ማዘርቦርዶችን በደረጃ ለመለየት እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ከአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን የወጡ 40 ያህል አሮጌ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳዎች) በእጄ ይገኛሉ፤ ከፊሎቹ 386 እና 486 የተባሉት የቆዩ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተር ዋና ማስሊያ ቺፖች) ዘመን ሲሆኑ የቀሩት በጣም ዘግይተው የተሠሩ ናቸው። የጥንቶቹ ወርቅ የተለበጡ እግሮችና በሴራሚክ የታሸጉ ቺፖች ስላሏቸው፣ የኋለኞቹ ልባጥ ግን እጅግ የሳሳ በመሆኑ፣ ሁለቱን ለውዳቂ ገዢዎች በአንድ ክምር መሸጥ ኪሳራ እንደሆነ ተረድቻለሁ። የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣዎቹን ነቅዬ፣ ፕሮሰሰሮቹንና ራሞቹን ለብቻቸው አስቀምጫለሁ።

ግራ ያጋቡኝ የ486ቶቹ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የተበየደው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ፈስሶ በዙሪያው ያሉትን የመዳብ መስመሮች አረንጓዴ አድርጎ በልቷቸዋል። ጉዳቱ ከባትሪው አጠገብ ብቻ የቀረባቸው ግን በኮምጣጤ ታጥበው ዳግም ሊሠሩ ይችሉ ይሆናል፤ የሚሠራ ቦርድ ደግሞ ለሰብሳቢዎች ሲሸጥ ከውዳቂነት ዋጋው በላይ ማውጣቱ የታወቀ ነው።

ያለኝ መሣሪያ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ብቻ ስለሆነ፣ ለቦርዱ ኃይል ሳልሰጥ የሚድነውን ከማይድነው የምለይበትን መንገድ ብታሳዩኝ፤ ከየትኞቹ መስመሮች ልጀምር? የባትሪ ዝገት ያለበት ቦርድስ ውዳቂ ገዢዎች ዘንድ ደረጃው ይወርዳል ወይስ እንደ ጤነኛው ይመዘናል? የፕላስቲክ ሶኬቶቹን መንቀልስ ክብደቱን ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም አለው? በአሲድ ወርቅ የማውጣቱን ሐሳብ፣ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ፣ ከወዲሁ ትቼዋለሁና በዚያ ላይ ባትደክሙ እመርጣለሁ።