ሃይሩፍ ሚኒባስ ውስጥ የውሃ መስመርና የእጣቢ መውጫ እንዴት ይዘርጋ? (ጅማ)

ሄርማታ_ሃይሩፍ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ወንበሮቹ የወጡለት ቶዮታ ሃይሩፍ አለ። አልጋውና የመብራቱ ሥራ አልቋል፤ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪም ተገጥሟል። መኪናው ሁለት ሰው ይዞ ከጅማ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ አንዳንዴም ወደ በደሌ ወጥቶ አራት ቀን የሚቆይ ነው። የቀረው የውሃው ነገር ብቻ ነው።

የታሰበው 60 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ አንድ ፓምፕ፣ አንድ ሲንክ፣ እንዲሁም የኋላው በር ወደ ላይ ሲከፈት ከሥሩ ቆሞ ለመታጠብ የእጅ ሻወር ነው። ያነጋገርኩት የቤት ቧንቧ ሠራተኛ «መስመሩን በሙሉ በፒፒአር (በሙቀት በሚበየደው ደረቅ የፕላስቲክ ቧንቧ) እናድርገው፣ እጣቢው ወለሉን በስተን መሬት ላይ ይውረድ» ይላል። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ፒፒአር ለመኪና ይሆናል? የእጣቢው ታንከር ስንት ሊትር ይሁን፣ ከወለል በላይ ነው ወይስ በታች የሚቀመጠው? ሽታውስ እንዴት ይከለከላል? ለመጸዳጃም ሐሳብ ያላችሁ ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሳይፎን_እና_ፋሸታ፦

ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ልክ ነው። ብዙ ሰው ሥራውን ከፓምፑ ይጀምራል፤ መጀመር ያለበት ግን ከእጣቢው መውጫ ነው። ንጹህ ውሃ ፓምፕ ስላለው ወደፈለግክበት ይወጣልሃል፤ እጣቢ ግን ቁልቁል ብቻ ነው የሚሄደው። የሲንኩን ቦታና ከፍታ የሚወስነው ይኸው ነው።

ስሌቱን እናስቀድም። 60 ሊትር ለ4 ቀን ሲካፈል በቀን 15 ሊትር ይደርስሃል። ዕቃ ለማጠብ 5፣ ለእጅና ለፊት 4፣ የተረፈው 6 ሊትር ለአንድ ሰው አጭር ሻወር ይሆናል፤ ስለዚህ በየተራ አንድ ቀን እያለፋችሁ ትታጠባላችሁ ማለት ነው። የመጠጡን ውሃ ከዚህ አትቁጠር፣ በሌላ ንጹህ ዕቃ ለብቻው ይያዝ። ሻወሩ ውጭ ስለሚፈስ በሲንኩ በኩል የሚወርደው በቀን 9 ሊትር፣ በ4 ቀን 36 ሊትር ነው። ለዚህ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አንዱ በሁለት ቀን 18 ሊትር ይይዛል፤ ያኔ ክዳኑን ከነጎማው አንሥተህ በሁለተኛው ላይ ትገጥማለህ። መጠን መለኪያ መሣሪያም አያስፈልግህም።

ከፍታውን እንየው። የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ሲንኩ 15 ቢጠልቅ፣ የሲንኩ ሥር 75 ላይ ነው። ሳይፎኑ (ከሲንኩ ሥር ውሃ ይዞ ሽታ የሚከለክለው ጎባጣ ቧንቧ) ሌላ 15 ይወስዳል፣ 60 ላይ ትደርሳለህ። የጀሪካኑ አፍ ከወለሉ 40 እና 45 ሳንቲ ሜትር መካከል ስለሚሆን ከሲንኩ ሥር ቁምሳጥን ውስጥ ገብቶ በቂ ቁልቁለት ይተርፍሃል። ጀሪካኑ ከሲንኩ ራቅ ካለ፣ ለቤት በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይበቃል ይባላል፤ መኪና ግን ሁልጊዜ ለጥ ያለ ቦታ አያገኝምና 4 ሳንቲ ሜትር ስጠው። ቧንቧው 32 ወይም 40 ሚሊሜትር ፒቪሲ ይሁን። መታጠፊያው ላይ በአንድ ባለ 90 ዲግሪ ፋንታ ሁለት ባለ 45 አድርግ፤ የምግብ ፍርፋሪ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ሽታን በተመለከተ፣ ሳይፎን የሚሠራው በውስጡ በቆመው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ይህ ውሃ እየተናወጠ ያልቅና የጀሪካኑ ሽታ በሲንኩ ቀዳዳ ይመጣል። ስለዚህ ከመነሣትህ በፊት ሲንኩን በጎማ ድፈነው፣ ስትቆም ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምርበት። ሳይፎኑን የሚያደርቅ ሌላም ነገር አለ፣ እሱም የአየር መውጫ አለመኖር ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ሲገባ አየሩ የግድ መውጣት አለበት። መንገድ ካላገኘ በሳይፎኑ በኩል «ቡልቅ፣ ቡልቅ» እያለ ይወጣና ውሃውን ይዞት ይመጣል። በክዳኑ ላይ የ12 ሚሊሜትር ጎማ ግጠም፣ እስከ ሲንኩ ከንፈር ከፍታ አውጣው፣ ከዚያ ወደ ውጭ አውርደው። ጫፉ ከመስኮትና ከበር ይራቅ፣ ነፍሳት እንዳይገቡም ወንፊት ይታሰርበት።

ወጥ የበላህበትን ሳህን ከማጠብህ በፊት በወረቀት ጥረገው። ቀዝቅዞ ቧንቧው ላይ የሚረጋው የወጡ ዘይት ነው፤ ያኔ ሽታውን በሳሙና አታስለቅቀውም። የጀበናውም አተላ ሲንክ ውስጥ አይደፋ። ከባድ ስለሆነ ሳይፎኑ ሥር ይቀመጥና በሁለት ጉዞ ይደፍነዋል።

ወደ ፒፒአር ስንመጣ፣ መጥፎ ቧንቧ ሆኖ አይደለም፤ ቦታው ግድግዳ ውስጥ ነው። ብየዳው ራሱ አይለቅም። የሚለቀው የነሐስ ጥርስ ያለበት መገጣጠሚያ ነው፣ የሚሰነጠቀው ደግሞ የፓምፑ የፕላስቲክ አፍ ነው፤ ምክንያቱም ደረቅ ቧንቧ የመኪናውን መንቀጥቀጥ በሙሉ ወደነዚህ ያስተላልፋል። ውስጡ 13 ሚሊሜትር የሆነ፣ ክር የተጠለፈበት፣ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ጎማ ተጠቀም። ከጀሪካን ወደ ፓምፕ በሚመጣው በኩል ስስ ጎማ ከሆነ በመምጠጡ ተጨፍልቆ ይጣበቃል። ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማም አልጌ ያበቅላልና በቁምሳጥን ውስጥ ይሂድ፣ ካልሆነ በጥቁር ፕላስተር ይጠቅለል።

ፓምፑ የግፊት ማብሪያ (ቧንቧ ሲከፈት የሚያስነሣው፣ ሲዘጋ የሚያቆመው) ያለው፣ በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ የሚሰጥ ትንሹ ይሁን። ባለ 11 ሊትሩ ያጓጓል፤ ግን የሻወርህን 6 ሊትር በ33 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ትንሹ 60ውን ሊትር ለማውጣት 15 ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ 4 አምፒር ቢወስድ ከባትሪህ የሚበላው 1 አምፒር-ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪው 4 ሜትር ከራቀ ሽቦው መሄጃና መመለሻው 8 ሜትር ይሆናል። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 0.4 ቮልት ገደማ ያባክናል፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር 0.2 ብቻ፤ 2.5ቱን ዘርጋ። ፊውዙ ፓምፑ ላይ በተጻፈው ልክ ሆኖ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ ወንፊት ግድ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቫልቩ ሥር ከገባች ፓምፑ ግፊት መያዝ ያቆማል። ከነገሩ ሁሉ ይህን አደራ እላለሁ፦ በዓይን የሚታይ ማብሪያ ማጥፊያ አድርግለት፣ ስትነዳና ስትተኛ ይጥፋ። አንድ ፋሸታ (ጎማውን መገጣጠሚያው ላይ የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት) ቢለቅ ፓምፑ ማንም ሳያየው 60ውን ሊትር ወለሉ ላይ ያፈሰዋል።

የኮረኮንች_መንገድ፦

ከላይ ያለው ጥሩ ነው፤ እኔ የመኪናውን በኩል ልጨምር። የእጣቢ ታንከር ከወለል በታች ማሰር ቦታ ይቆጥባል፣ ሽታውም ውጭ ይቀራል። አስፋልት ለማይለቅ መኪና እኔም እሱን እመርጣለሁ። ለምትሄድበት መንገድ ግን ድንጋይ የሚያገኘው መጀመሪያ የታንከሩን ማፍሰሻ ነው። የግድ ከሥር ይሁን ካልክ ደግሞ እንዲህ አድርገው፦ 40 በ3 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ብረት፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ በብረቱና በታንከሩ መካከል ጎማ ተደርጎ፣ ሻንሲው ላይ በቡሎን ይታሰር። በወለሉ ላሜራ ላይ ብቻ የታሰረ ታንከር ጉድጓድ በገባህ ቁጥር ላሜራውን እየቀደደ ይሄዳል። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ካልተቻለ መሐላቸው ላሜራ ይጋረድ። ማፍሰሻው ከታንከሩ ሥር ተንጠልጥሎ ሳይሆን በጎኑ ይሁን።

ወለል ከመብሳትህ በፊት መኪናው ሥር ግባና የነዳጅ ታንከሩን፣ የፍሬን ቧንቧውንና የካርዳኑን (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ እግር የሚያደርሰውን ዘንግ) መንገድ በዓይንህ እይ፣ ከላይም ምልክት አድርግ። ትራፓኖው ከወጣ በኋላ የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልስ፣ ፀረ-ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባ፣ የጎማ ቀለበት አግባ። የጅማ ዝናብ ያልተቀባ ጠርዝ አይምርም፤ ዝገቱም ምንጣፍ ሥር ስለሚጀምር ሳታየው ይሰፋል።

60 ሊትር 60 ኪሎ ነው። ከኋላ ጫፍ ሳይሆን በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል፣ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። አንድ ትልቅ ታንከር ግማሽ ሲሆን ውሃው እየተንገዋለለ በየመታጠፊያው መኪናውን ይገፋል። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ጎን ለጎን ቢታሰሩ ይህ ይቀንሳል፣ ለመቅዳትም ይመቻል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት እንዳይሄዱ ከፊታቸው የእንጨት ሳይሆን የብረት ማገጃ ይኑር።

ስለ ጀሪካኑ አመራረጥም አንድ ነገር ልበል። ሥሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያለበት፣ ቀድሞ ምግብ ዘይት ወይም ውሃ እንጂ ሌላ ያልያዘ ይሁን። የፀረ-አረም ወይም የነዳጅ የነበረ ጀሪካን ቢታጠብም አይነጻም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ጠጥቶታል። ሲሊኮንም በዚህ ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም። ጎኑን በስቶ በሲሊኮን የማሸግ ሥራ ሳምንት አይቆይም፤ ስለዚህ ጎኑን ባትነካው ይሻላል። መምጠጫውን በክዳኑ በኩል አስገባ።

ሰጋቱራ፦

ወንድሜ፣ እኔ ስለ መጸዳጃውና ስለ መድፊያው ልመልስ። ለሁለት ሰው በውሃ የሚሠራውን ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ አልመክርም፤ ካለህ 60 ሊትር ላይ ይሻማሃል። ሽንትን የሚለይ ደረቅ መጸዳጃ ውሃ አይፈልግም። መቀመጫው ሥር ከፊት ያለው ማንቆርቆሪያ ሽንቱን ወደ 10 ሊትር ጀሪካን ይወስዳል፣ ከኋላ ክዳን ያለው ባልዲ ይቀመጣል። ሽታው የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፤ ከተለያዩ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ሰው በቀን 1 እስከ 1.5 ሊትር ሽንት ስለሚሸና ጀሪካኑ በየሦስት ቀኑ ይደፋል፣ ያን ያህል ብቻ አስብበት። ለባልዲው በየጊዜው ሁለት እፍኝ ደረቅ ሰጋቱራ መበተን ነው። ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ስለሆነች ሰጋቱራ አይታጣም፤ የደረቀ የቡና ገለባም ይሠራል። እርጥብ ከሆነ ግን ይሻግታል፣ ዝንብም ይጠራል።

እጣቢውን መሬት ላይ ልቀቀው የተባልከውን እባክህ አትስማ። ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ያለው ቦይ የሚወርደው ወደ አዌቱ ወንዝ ነው፣ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይቀጥላል። ጉማሬዎቹና ወፎቹ ያሉበት ቦዬ የከተማውን እጣቢ እየተቀበለ ነው፤ የእኛ 36 ሊትር ትንሽ ቢመስልም በዚያ ላይ አይጨመር። ጀሪካኑን ሴፕቲክ ታንክ ባለው ሆቴል ወይም ማደያ አስፈቅደህ መጸዳጃው ውስጥ ድፋው። ገጠር ከሆንክና ሌላ አማራጭ ከሌለ ፍርፋሪውን በወንፊት አውጣ፣ ከወንዝ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ቢያንስ 60 ሜትር ራቅ፣ በአንድ ቦታ ሳታፈስስ ሣር ላይ በትነው። የሻወሩም ውሃ እንዲሁ ነው፤ ሳሙና ይዘህ ወንዝ ዳር አትቁም። የባልዲው ይዘት ግን እዚህ ውስጥ የለም፤ ክዳኑ ተዘግቶ ወደ ከተማ ይመለስና ሽንት ቤት ጉድጓድ ይግባ።

ንጹህ ጀሪካኖቹን ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ በበረኪና እጠብ። ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለ60 ሊትር 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ለአንዱ ጀሪካን 20 ሚሊ ሊትር ነው። ፓምፑን አስነሥተህ ሽታው በቧንቧውም በሻወሩም እስኪመጣ አፍስስ፣ 4 ሰዓት አቆየው፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቅ። የከረመ በረኪና ኃይሉን ስለሚያጣ አዲስ ግዛ።

ሄርማታ_ሃይሩፍ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴም ወንድሞቼም። ከወለል በላይ በጀሪካን ይሁን ብያለሁ፤ ደረቁ መጸዳጃም ተስማምቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ሦስቱን ንጹህ ጀሪካኖች አገናኝቼ ልምጠጥ ወይስ አንድ በአንድ? መፍሰሱንስ ተለቅ ያለ ጉዞ ከመውጣቴ በፊት እንዴት ልፈትሽ?

ሳይፎን_እና_ፋሸታ፦

አንድ በአንድ። ሦስቱን ስታገናኝ አየር የሚስብ መገጣጠሚያ ታበዛለህ፤ አንዱ ቢበከልም ሁሉም ተበከለ ማለት ነው። ለአንድ ክዳን ሁለት ቀዳዳ ብሳ፣ አንዱ መምጠጫው የሚያልፍበት፣ ሌላው 6 ሚሊሜትር ለአየር። የአየሩን ከረሳህ ጀሪካኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ፓምፑ እያቃሰተ ይቆማል። መምጠጫው ከሥሩ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዝቃጩ እዚያው ይቅር።

ፍተሻው እንዲህ ነው። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፍ፣ ፓምፑን አስነሣ፣ ሁሉንም ቧንቧ ዝጋ። ግፊቱ ሲሞላ ራሱ ይቆማል። ከዚያ አንድ ሰዓት ጠብቅ። ማንም ሳይከፍት ፓምፑ «ትር» ካለ አንድ ቦታ እየለቀቀ ነው፣ ሶፍቱ ያሳይሃል። ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ፓምፑ ከተነሣ ችግሩ ፓምፑ ውስጥ ያለው መልስ-ከልካይ ቫልቭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ይዞት ነው፣ ፈተህ አጥበው። በቧንቧው ውሃው እየተቆራረጠ፣ አየር እየተፋ ከመጣ ደግሞ በመምጠጫው በኩል ያለውን ፋሸታ እይ። እዚያ በኩል ክፍተት ቢኖር አየር ይስባል እንጂ ጠብታ አያወጣም፣ ለዚህ ነው ሰው የማያገኘው። ፋሸታውን ጎማው እስኪቆረጥ አታጥብቀው፤ ጎማውን በእጅ ስታዞረው ካልዞረ በቂ ነው።

ይህ ካለፈ በኋላ ጀሪካኖቹን ሞልተህ ኮረኮንች ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳው፣ ተመልሰህ ፋሸታዎቹን ሁሉ እንደገና ነካካ። አዲስ ጎማ በመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ትንሽ ይቀመጣል፤ ሁለት ሦስቱ ግማሽ ዙር ያህል ላልተው ታገኛቸዋለህ።